29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ

አያትየው ማይኩን ሲቀበሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ነጭ ጋቢ ደርበዋል። ማይክ ይዘው የሚያውቁ አይመስሉም፤ መጀመሪያ አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸውም። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ስለ ራሳቸው ሠርግ ማውራት ጀመሩ። ስለ መንዝ ብርድ፣ ሙሽራዋ ስለመጣችባት በቅሎ፣ ወንዙ ሞልቶ ሚዜዎቹ ማዶ ስላደሩበት ሌሊት። ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። ድንገት ድምፃቸው ተለወጠና ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ሰውም መዳፉን ዘረጋ። ምርቃቱ ሊጀመር ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፣ ጥር ላይ፣ ስታዲየም አካባቢ ያለ አዳራሽ ውስጥ። እኔ ሁለተኛውን ካሜራ ይዤ እንግዶቹ መሃል እሽሎከለካለሁ። ዋናው ካሜራ መድረኩ ፊት ለፊት ትራይፖድ ላይ ቆሟል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሪከርድ ተጭኜ የተውኩት ነው። ባትሪው ሙሉ፣ ሜሞሪው ባዶ፣ ፎከሱ ልክ። ረዳቴ ከአጠገቡ እንዳይነቃነቅ ነግሬዋለሁ። ረዳቴ ክትፎ ሊያነሳ ሄዷል። አልፈርድበትም፤ ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር።

የመጨረሻው «አሜን» ተብሎ ጭብጨባው ሲቀልጥ ወደ ትራይፖዱ ተመለስኩ። ቀዩ ነጥብ የለም። ስክሪኑ በርቷል፣ መድረኩ ይታያል፣ ግን አይቀዳም። ፋይሉን ከፍቼ መጨረሻውን አየሁ። ርዝመቱ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ይላል። አያትየው እጃቸውን አንስተዋል። «እንደ...» ይላሉ። እዚያ ላይ ያልቃል።

«እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ» ሊሉ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰምቶታል። ያልሰማው የኔ ካሜራ ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ማይክ ሳልከፍት ግማሽ ሽምግልና የቀረጽኩበት ቀን አለ። የሙሽራውን መኪና ትቼ ሌላ ሰው መኪና ተከትዬ ቦሌ ድረስ ሄጃለሁ። እነዚህን ለጓደኞቼ እያወራሁ እንስቃለን። ይሄኛውን ግን አውርቼው አላውቅም።

«ታዞ ነው»

ሰኞ ጠዋት ካሜራውን ይዤ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። ጋሼ ያን ጊዜ የሚሠሩት አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው እንጨት ነው፤ ገና ሲረግጡት ይጮኻል። (አሁን ሕንፃውም የለም፣ ደረጃውም የለም።) ጋሼ ከፊልም ዘመን ጀምሮ ካሜራ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ከጥፍር ያነሱ ብሎኖች በወተት ቆርቆሮ ክዳን ላይ አስቀምጠው በመቆንጠጫ ያነሷቸዋል። ሬዲዮናቸው ሁሌም ክፍት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ካሜራ ጉድ ሠራኝ» አልኳቸው።

«ምን አደረገህ?»

«ሠርግ መሃል ላይ ቆመ።»

«ባትሪው?»

«ሙሉ ነበር።»

«ሜሞሪው?»

«ግማሹ እንኳ አልሞላም።»

«ስንት ደቂቃ ላይ ነው የቆመው?»

«ሰላሳ ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀና አሉ። ከዚያ ሳቁ። እኔ አንጀቴ አሯል፣ እሳቸው ይስቃሉ።

«ውሰደው። አልታመመም» አሉኝ። «ታዞ ነው።»

«ማን ነው ያዘዘው?»

«ቀረጥ።»

ካሜራውን ሳይከፍቱት ነው የነገሩኝ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ፎቶ ካሜራና ቪዲዮ ካሜራ የሚከፍሉት ቀረጥ ይለያይ ነበር። ጉምሩኩ አንድን ዕቃ ቪዲዮ ካሜራ የሚለው መቼ ነው? ሳያቋርጥ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ መቅዳት ሲችል። ታዲያ የካሜራ ፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ? ፎቶ ካሜራቸው ቪዲዮ እንዲቀርጽ ፈቀዱለትና 30 ደቂቃ ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው እንዲቆም አዘዙት። ወረቀቱ ላይ ፎቶ ካሜራ ሆኖ ቀረ፣ ቀረጡም ቀነሰ። ያው ካሜራ ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ትእዛዙን ይዞ ይመጣል። እዚህ የሚያስቀርጥ የአውሮፓ ጉምሩክ የለም። ካሜራው ግን ያንን አያውቅም።

«ማንዋሉ ላይ ተጽፏል እኮ» አሉኝ ጋሼ።

«ያገለገለ ነው የገዛሁት። ካርቶንም ማንዋልም አልነበረውም።»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...» ብለው ቀሪውን ሳይጨርሱት ብሎናቸው ላይ አጎነበሱ። ድስቱንና ለቅሶውን ለኔ ተዉልኝ።

ስንት ልክፈል ስላቸው ተቆጡ። «ምን ሠራሁና!»

በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ካሜራው ቦርሳዬ ውስጥ ከበደኝ። ለቀረጥ ተብሎ የተደነገገ ነገር የመንዝ ሽማግሌ አፍ ላይ ደርሶ ቃላቸውን ለሁለት ይቆርጣል ብሎ ማን ያስባል? ማንም አላሰበም። ያናደደኝም እሱ ነው። ክፉ አስቦብኝ ቢሆን እኮ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር።

መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው?

እኛ አገር ትልቅ ካሜራ ሁሉ «ፕሮፌሽናል» ነው። ሌንሱ ከወጣና ከረዘመ አለቀ። ደንበኛ ስልክ ሲደውል ከዋጋ ቀጥሎ የሚጠይቀው «በፕሮፌሽናል ካሜራ ነው አይደል?» ብሎ ነው። የኔም ቢዝነስ ካርድ ላይ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ያ ካሜራ ግን ፋብሪካው ለባለሙያ ብሎ የሠራው አልነበረም። ለአባወራ ነው የተሠራው። ልጆቹን መናፈሻ ወስዶ ፎቶ ለሚያነሳ፣ ልደት ላይ አምስት ደቂቃ ለሚቀርጽ ሰው። እኔ በአባወራ ካሜራ እንጀራ እየበላሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሥራዬን ትቼ የካሜራ ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው፤ ወደኛ ስመልሳቸው እኔም እምታታለሁ።) ካኖን በ2003 የካቲት አካባቢ 10ዲ የሚባል ካሜራ አወጣ። ዋጋው 1,500 ዶላር ገደማ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ 300ዲ መጣ፤ ያለ ሌንስ፣ ቦዲው ብቻ 899 ዶላር። ከ1,000 ዶላር በታች የወረደ የመጀመሪያው ሌንሱ የሚቀያየር ዲጂታል ካሜራ ነበር፤ ዓለም ጉድ አለ። የሁለቱም ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ 6.3 ሜጋፒክስል ነው። 300ዲ ሰውነቱ ፕላስቲክ ነው፣ ፍጥነቱም ያንሳል፣ አንዳንድ ማስተካከያዎችም የሉትም።

አንድ ነገር ግን ቆይቶ ወጣ። ፈርምዌሩን፣ ካሜራውን ከውስጥ የሚያዘውን ሶፍትዌር፣ የነካኩ ሰዎች ከ«የሉትም» ዝርዝር ውስጥ አንዳንዶቹን አገኟቸው። የፍላሽ መጠን ማስተካከያው አለ። በጨለማ ለማንሳት የሚረዳው አይኤስኦ 3200ም አለ። ተደብቀው ነው እንጂ አልቀሩም። ያ ካሜራ እጁ የተቆረጠ አልነበረም፤ የታሰረ ነው።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ይሆናል። ግን ተነስቼ ካሜራዬን አየሁት። አንተስ ምን ደብቀህ ይሆን?

ሌላም አለ። ካኖን በ2012 ዓመት፣ 1ዲ ኤክስ የሚባለውን ካሜራ በ6,800 ዶላር ገደማ እየሸጠ፣ በቅርፁም በሴንሰሩም እሱን የሚመስለውን 1ዲ ሲን ለሲኒማ ሰዎች ብሎ 15,000 ዶላር ዋጋ አወጣለት። ዋናው ልዩነት 4ኬ የሚባለው በጣም ጥርት ያለ ቪዲዮ ነው። አንድ አልጋ ላይ የተኙ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ግን ሱፍ ለብሷል።

እዚህ ድረስ ሳነብ ልቤ ሞልቶ ነበር። ሌቦች ናቸው ብዬ ደምድሜያለሁ። ከዚያ የኒኮን ታሪክ መጣና ሐሳቤን አወከው።

ኒኮን በ2007 ዲ3 የሚባል ካሜራ አወጣ። በጨለማ ማንሳት የሚችል፣ የስፖርትና የዜና ሰው የተሻማበት፣ 5,000 ዶላር የሚያወጣ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2008 ሐምሌ ላይ፣ ያንኑ ሴንሰር አነስ ባለ ቦዲ ውስጥ ከትቶ ዲ700 ብሎ በ3,000 ዶላር ሸጠው። እጅ አላሰረም፤ ለጋስ ሆነ። ታዲያ ሰው ምን አደረገ? ሁለት ሺህ ዶላሩን ኪሱ ከተተ። ዲ700ን የያዙ ሰዎች እስከዛሬ በፍቅር ነው የሚያወሩለት። ኒኮን ግን ያንን ልግስና ወዲያው አልደገመውም። በ2012 ዲ4ና ዲ800ን ሲያወጣ ለየብቻ አደረጋቸው። ዲ4 ለፍጥነት፣ በ16 ሜጋፒክስል። ዲ800 ለዝርዝር፣ በ36 ሜጋፒክስል፣ ግን ቀርፋፋ።

ይሄኛው መስመር አያናድደኝም። አንዱ ለሯጭ ነው፣ አንዱ ለሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ። ሥራ ነው የለያቸው እንጂ ማዕረግ አይደለም። የታሰረ እጅና የተለየ ሙያ አንድ አይደሉም። ለዓመታት አንድ ላይ ጨፍልቄ ስራገም የኖርኩት ይሄን ሳልለይ ነው።

እውነተኛ መስመርም አለ። ጋሼ በሌላ ቀን የተከፈቱ ሁለት ካሜራዎች ጎን ለጎን አሳይተውኛል። አንደኛው መገጣጠሚያው ሁሉ ላይ ቀጭን የጎማ ክር አለው፤ ውሃና አቧራ እንዳያስገባ። ሁለተኛው ምንም የለውም። «ይሄን ክረምት ላይ ጃንሜዳ አውጣውና ጉድህን ታያለህ» አሉኝ። ሹተሩም፣ ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ፣ ይለያል። የካኖን 5ዲ ማርክ ቱ 150,000 ጊዜ ጠቅ እንዲል ተብሎ ነው የተሠራው፤ 1ዲ ኤክስ ደግሞ 400,000። ሙቀትም ውሸት አይደለም። ካኖን በ2020 ያወጣው አር5 የሚባል ካሜራ 8ኬ ቪዲዮ ሲቀርጽ እየጋለ ይቆም ነበር፤ በ2022 አር5 ሲ ማራገቢያ ተገጥሞለት መጣ። ማራገቢያ ቦታ ይፈልጋል፣ ገንዘብም። ይሄንን ማንም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የፈጠረው ሕግ አይደለም።

ሁለት ዛፍ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገሬ ሰው። የካሜራ ፋብሪካ ኑሮ ግን እንደዚያ ነው። አንድ እግሩ የባለሙያው ዛፍ ላይ፣ አንድ እግሩ የአባወራው ዛፍ ላይ። ከአንዱ ቢወርድ ከሁለቱም ነው የሚወድቀው።

ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ሲወስድ የተነሳውን ፎቶ አስታውሱ። መስመሩ ላይ ተኮልኩለው የሚጠብቁት ፎቶ አንሺዎች የያዙት በጣም ውድ ካሜራ ነው። ካኖንና ኒኮን ትልልቆቹን ካሜራዎቻቸውን የኦሊምፒክ ዓመት ጠብቀው ነው ሲያወጡ የኖሩት። 2016 ላይ እንደዚያ ነው፣ 2020 ላይም እንደዚያ። ውድድሩ ቦታ ድረስ ቴክኒሻን ይልካሉ፣ ሌንስ ያውሳሉ። ይሄን ካሜራ የሚገዛው ሰው ቁጥር ግን ትንሽ ነው። ፋብሪካውን የሚያኖረው ያ ትንሽ ቁጥር አይደለም። እዚያ ላይ የተፈተነው ፎከስ፣ ቺፕና ሶፍትዌር ከዓመታት በኋላ ወርዶ ርካሹ ካሜራ ውስጥ ይገባል፤ ርካሹ ደግሞ በሚሊዮን ይሸጥና የሚቀጥለውን ውድ ካሜራ ወጪ ይሸፍናል። የታምራትን ላብ ያሳየን ሌንስ ከጀርባው ስንትና ስንት አባወራ አለው።

እኛስ? እኛ የትኛው ዛፍ ላይ ነን? የፒያሳና የአራት ኪሎ ካሜራማን ሥራው የባለሙያ፣ ኪሱ የአባወራ ነው። ዕቃው ከዱባይ በሰው ሻንጣ ይመጣል ወይም ሦስተኛ እጅ ላይ ይገኛል። ፋብሪካው ገበያውን ሲያጠና እንዲህ ዓይነት ሰው አለ ብሎ የገመተ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሳያስበው፣ ለኛ የሚሆን ነገር ሠርቶልናል።

ማርክ ቱ

ካሜራማን ሆኖ ማርክ ቱን የማያውቅ የለም። ካኖን በ2008 መስከረም ላይ 5ዲ ማርክ ቱን ሲያስተዋውቅ ፎቶ ካሜራ ነው ያስተዋወቀው፤ 21 ሜጋፒክስል። ቪዲዮው ጭማሪ ነበር። የዜና ድርጅቶች ፎቶ አንሺዎቻቸው አጭር ቪዲዮም እንዲልኩላቸው ስለፈለጉ ነው የገባው ይባላል። የገባውም እየተግደረደረ ነው። ብርሃኑን በእጅ መቆጣጠር አይቻልም። በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ነው። አንዱ ቅጂ 12 ደቂቃ አካባቢ ሲደርስ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሞልቶ ይቆማል። ከኔው 30 ደቂቃም የባሰ።

ግን ሴንሰሩ ትልቅ ነው። የሰው ፊት ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ሁሉ ብዥ ይላል። ያ ብዥታ የሲኒማ መልክ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ገንዘብ ያለው ብቻ የሚያገኘው። ፊልም ሠሪዎች ካሜራውን ነጠቁት። ካኖንም የሆነውን አይቶ በ2009 ሰኔ ላይ ብርሃን መቆጣጠሪያውን ከፈተ፤ በ2010 መጋቢት ላይ የሲኒማውን 24 ምስል ጨመረ። ካሜራው ያው ነው፤ የተለወጠው ሶፍትዌር ነው። በዚያው ዓመት አንድ ታዋቂ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የምዕራፉን መዝጊያ ክፍል በዚህ ካሜራ ቀረጸ።

እኛ ጋ የሆነውን ለማስረዳት የድሮ ሠርግ ቪዲዮ ያላችሁ ሰዎች አውጥታችሁ እዩ። በትከሻ በሚያዝ የካሴት ካሜራ የተቀረጸ፣ መብራቱ ፊት የሚያነጣ፣ ሙሽራዋም ሶፋዋም ግድግዳው ላይ ያለው አበባም እኩል ጥርት ብለው የሚታዩበት። ከዚያ ማርክ ቱ መጣ። የዘፈን ክሊፑ ተለወጠ። ሠርጉ ተለወጠ። ሙሽራ እንጦጦ ላይ ቆማ አዲስ አበባ ከኋላዋ ወደ ቀለም ነጠብጣብ ተለወጠች። ደንበኛ መጥቶ «ያቺን ከኋላ ብዥ የምትለዋን» ማለት ጀመረ። ካሜራ የመግዛት አቅም የሌለን ልጆች ተከራየን። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን የሠራሁት በቀን ኪራይ በተያዘ ማርክ ቱ ነው፤ ማታ ሳልመልሰው ብቀር መታወቂያዬ እዚያው ነበር የሚቀረው።

ፋብሪካው ለጋዜጠኛ ብሎ በጨመራት አንዲት ቁልፍ አንድ ትውልድ ሥራ አገኘ። ይሄን አቅዶት ቢሆን አጨበጭብለት ነበር። ካኖን ግን ገበያውን ሲያይ ምን አደረገ? በ2011 ኅዳር ላይ ሲ300ን ይዞ ለሲኒማ ብቻ የሆነ የካሜራ ቤተሰብ መሠረተ። ዋጋው ከማርክ ቱ ብዙ እጥፍ ነው። መስመሩ ከኛ በላይ እንደገና ተሰመረ። የንግድ ሰው ነኝና ይገባኛል፤ እኔም ድሮን በነፃ ጨምሬ ያበላሸሁትን ገበያ እስካሁን እየተቆጨሁበት ነው።

አጥሩ ሲፈርስ

አሁን ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው ቁጥር መሠረት በ2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ወደ ገበያ ወጥቷል። በ2020 ቁጥሩ ከ9 ሚሊዮን በታች ነው። አባወራው ሄደ። ስልኩን ይዞ ሄደ። ኦሊምፐስ የሚያህል ስም የካሜራ ክፍሉን ሸጦ በ2021 ከሥራው ወጣ። የታችኛው ቅርንጫፍ ሲሰበር የቀሩት ሁሉ ወደ ላይ ተንጠላጠሉ፤ የሚሠሩት ትንሽ፣ የሚሸጡት ውድ።

የሚገርመው፣ ከዚያ ወዲህ እጅ ማሰሩ ቀንሷል። ኒኮን በ2021 ዜድ9ን በ5,500 ዶላር አወጣ፤ በ2023 ያንኑ ሴንሰር በትንሽ ቦዲ ዜድ8 ብሎ በ4,000 ዶላር ሸጠ። የዲ700ን ልግስና ከ15 ዓመት በኋላ ደገመው ማለት ነው። የሚያጥሩት ግቢ ሲጠብ አጥሩም አያስፈልግ ይሆናል። የ30 ደቂቃው ነገርም እየጠፋ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ላይ ያለው ቀረጥ እንዲነሳ አገሮች የተስማሙት በ2015 ናይሮቢ ላይ ነው። ናይሮቢ! ከቦሌ የሁለት ሰዓት በረራ። ሽማግሌው ሲመርቁ የኔ አሮጌ ካሜራ ግን ስምምነቱን የሚነግረው ሰው አላገኘም፤ የድሮ ትእዛዙን ይዞ ቆመ።

ለኛ ግን ልግስናው ከደጃችን አልደረሰም። ብር በ2024 ሐምሌ መጨረሻ ላይ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 4,000 ዶላር በብር ስንት እንደሆነ ረዳቴ ባለፈው አስልቶ አሳየኝ። ዝም አልን። ያ ክትፎ ሊያነሳ የሄደው ልጅ ነው። አሁን የራሱን ሥራ ሊጀምር ይፈልጋል። እኔ እንጀራ የበላሁባቸው ዓይነት ርካሽ የአባወራ ካሜራዎች አዲስ ብዙም አይመጡም፤ ያሉትም እያረጁ ነው። «በስልክ ልጀምር?» አለኝ። ጀምር አልኩት። ደንበኛው ግን አሁንም «በፕሮፌሽናል ካሜራ ነው አይደል?» ማለቱን አላቆመም።

የደወሉልኝ ቀን

ሠርጉን አልጨረስኩላችሁም።

ኤዲት ለማድረግ ስቀመጥ ያለኝ ይሄ ነው። የምርቃቱ ድምፅ ሙሉውን አለ፤ የድምፅ መቅጃ ሚክሰሩ ላይ ሰክቼ ስለነበር ሳይቋረጥ ቀድቶታል። ምስል ደግሞ በእጄ የያዝኩት ሁለተኛው ካሜራ አለ። እሱ ያነሳው እንግዶቹን ነው። መዳፋቸውን የዘረጉ ሴቶች። ኮቱን ሳያወልቅ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን የምትጠርግ አክስት። የሙሽራዋ እናት፣ አንገቷን ደፍታ በየ«አሜን»ዋ ትንሽ ትንሽ የምትወዛወዝ። የአያትየውን ድምፅ በነዚህ ፊቶች ላይ አለበስኩት። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ቤተሰቡ አራት ኪሎ ስቱዲዮዬ መጥተው ሲያዩት ከኋላ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። እዚያ ቦታ ሲደርስ የሙሽራዋ እናት አለቀሱ። ሲጨርስ ወደኔ ዞሩ።

«ሌላ ሰው ቢሆን አባባን ብቻ ነበር የሚያሳየን» አሉ። «አንተ ግን ስንመረቅ እኛን አሳየኸን። ፕሮፌሽናል ማለት ይሄ ነው።»

«ደስ ካላችሁ ደስ ይለኛል፣ እናቴ» አልኩ። ቀሪ ሒሳቤን ተቀበልኩ። ቢዝነስ ካርዴንም ጨምሬ ሰጠኋቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩን አላወቅሁትም፤ ድምፁን ግን አወቅሁት።

«አባባ አረፉ» አሉኝ።

ነፍስ ይማር አልኩ።

«አርባቸው ቅዳሜ ነው። ቤት ውስጥ ለመጣው ሰው ልናሳይ ነበር። ሲመርቁ እኛን ሳይሆን እሳቸውን የሚያሳየው አለ አይደል? በትልቁ ካሜራ ያነሳኸው። ፊታቸው የሚታይበት።»

የት እንዳለሁ አስታውሳለሁ። አራት ኪሎ ሐውልቱ ፊት ለፊት ታክሲ እየጠበቅሁ ነው። መጀመሪያ ፋይሉ ተበላሸ ልል አስቤ ነበር። ሜሞሪው ጠፋ ማለትም ይቻላል። ስለ አውሮፓ ቀረጥ ማስረዳትስ? ለአንዲት ሐዘንተኛ እናት፣ በስልክ?

«የለም፣ እናቴ» አልኳቸው። «ካሜራው ቆሞብኝ ነበር። ያን ጊዜ አልነገርኳችሁም።»

ዝም አሉ። የታክሲ ረዳት ፒያሳ፣ ፒያሳ ይላል።

«የት ድረስ አለ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ስለ በቅሎዋ ያወሩት ሙሉው አለ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው «እንደ» እስከሚሉ ድረስ።»

«ፊታቸው ይታያል?»

«ጥርት ብሎ።»

«እሱን ላክልኝ።»

ስቱዲዮ ተመለስኩና ከ26ኛው ደቂቃ ጀምሮ ቆረጥኩት። አራት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። መጨረሻው ላይ ምስሉን በቀስታ ላጨልመው አልኩና ተውኩት። እንዳለ በቴሌግራም ላክሁላቸው።